ጨለማ ለምኜ ፓውዛ ለሰጡኝ ለአቶ እንየው

ለተከበሩ የቀበሌያችን የፀጥታና የመልካም አስተዳደር ኃላፊ ለአቶ እንየው፤
ሆጤ፣ ደሴ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንዴት ከረማችሁ? የጥር ብርድ ጉልበትዎን አላስቸገረዎትም? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ በእርስዎ ደግነት ጨለማ የሚባል ነገር ካየን ሰንብተናል።

ምናልባት ከዘነጉኝ፣ ፒያሳ ፎቶ ቤት የነበረኝ ረሂማ ነኝ። ባለቤቴ ዘይኑልአቢዲን ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ከተኛ ወዲህ ፎቶ ቤቱን ዘግቼ ቤት ገባሁ። የማገላብጠውም የማጎርሰውም እኔው ስለሆንኩ ከግቢዬ በር የምርቀው ሱቅ ድረስ ነው፤ እሱም በሩጫ። እኅቴ ኡሙሰልማ ከጅዳ ስትመለስ ክንድ የምታህል ቴሌስኮፕ አመጣችልኝ። የድሮ ካሜራዬን ከኋላዋ ገጥሜ፣ ባለቤቴ ቢጣራ እንድሰማው መስኮቱን ከፍቼ፣ እዚያው ግቢዬ ውስጥ ቆሜ ሩቅ አገር መሄድ ለመድኩ።

ኦሪዮን ከሚሏቸው ከዋክብት መሐል ኔቡላ የሚባል ደመና አለ፤ ከዋክብት የሚወለዱበት ነው አሉ። በዓይን ሲያዩት ብዥታ ነው። ደጋግሜ አንስቼ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ስደራርባቸው ግን ቀዩ ብቅ ይላል፣ ጫፉ ይዘረጋል፤ ስንቱን ሙሽራ ያነሳሁ ሴት እንዲህ ያለ ቀሚስ አይቼ አላውቅም። የደጃፌ የመንገድ አምፖል ብርሃኑ ከዋክብቱን እየዋጠ ስላስቸገረኝ፣ ከመግሪብ በኋላ ለጥቂት ጊዜ እንዲጠፋልኝ ወይም ቆርቆሮ እንዲከለልበት ለቢሮዎ አመለከትኩ። የሆነልኝንም በየተራ ላመስግን፦

1ኛ/ «ጉዳዩ፦ የመንገድ መብራትን ይመለከታል» የሚለውን ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ። ከዚያ በታች የጻፍኩትን ትተው፣ ይህች ሴት ጨልሞባታል ብለው አዝነው፣ አምፖሉን አስነቅለው ኳስ ሜዳ የሚያበራ ፓውዛ ወደ ግቢዬ አዙረው አስተከሉልኝ። ዶሮዎቼም ያመሰግናሉ፤ መቼ እንደሚተኙ ጠፍቷቸዋል።

2ኛ/ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ጥያቄዋ የተመለሰላት እናት ብለው ስላስነሱኝ አመሰግናለሁ። የአንድ ለአምስት መሪያችን ወይዘሮ ይታይሽ «ተነሽና አመስግኚ እንጂ፣ ምን ይጎልትሻል!» ብላ በክርኗ ስትጎሽመኝ፣ አዳራሹም ሲያጨበጭብ፣ አፌ ሳላዘው «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ያቺን ቃል ሪፖርት ላይ አስፍረው ወደ ላይ ላኳት። ቢሮዎ መጥቼ ፓውዛው ይነሳልኝ ስል ደግሞ «ያመሰገንሽበትን ትቃወሚያለሽ? ከጀርባሽ ማን አለ?» አሉኝ። ወላሂ አቶ እንየው፣ ከጀርባዬ ያለው አልጋ ላይ የተኛው ዘይኑልአቢዲን ብቻ ነው፤ እሱም ለመነሳት ሰው ይፈልጋል።

3ኛ/ «ጨለማ ከፈለግሽ ደሴ ዙሪያ ገጠር ሞልቶልሻል፣ ውጪና አንሺ» ብለው ስለመከሩኝም አመሰግናለሁ። ምክሩ ወርቅ ነው። እኔ ወጥቼ እስክመለስ ባለቤቴን የሚያገላብጥልኝ ሰው ከቢሮዎ እንደሚመደብልኝ ቢነግሩኝ ዛሬውኑ ሚኒባስ እሳፈር ነበር።

እንግዲህ የተመለሰ ጥያቄ እንደገና አይጠየቅም ብለውኛልና አልጠይቅም። ብቻ እንዲያውቁልኝ ያህል፣ ኦሪዮን ቀጠሮ አይሰጥም፤ በልግ ሲደርስ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል፣ ከዚያ ክረምቱ ይዘጋዋል። እርስዎ ስብሰባ ይገባሉ፣ ኮምቦልቻ ለሥልጠና ይወርዳሉ፣ አየር ይለውጣሉ። እኔ ያለችኝ መውጫ ከግቢዬ በላይ ያለችው ነበረች፤ እሷንም አበሩልኝ።

አላህ ዕድሜና ሹመት ይጨምርልዎ። ከልብ እያመሰገንኩ፣ በመኝታ ሰዓቴም ጥላዬ ግድግዳው ላይ የማይለየኝ፣

ረሂማ ሸረፈዲን፣ ጥያቄዋ የተመለሰላት

ማሳሰቢያ፦ ለሪፖርትዎ የፎቶ ማስረጃ እንዳይጎድልዎት፣ ፓውዛው ከተተከለ ወዲህ ያነሳሁትን የኦሪዮንን ኔቡላ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ነጭ ወረቀት የላክሁብዎ እንዳይመስልዎ፤ በደንብ ታጥቦ የወጣ ፎቶ ነው። ቢያገላብጡት ምንም ካላዩበት አብሽሩ፤ እኔም በየምሽቱ የማየው ይህንኑ ነው።