ሟቹና ወንድምሽ

ሚጡዬ፣

ሩዙ ድስት ውስጥ አለ፤ አሙቀሽ ብዪ።

የሰጠሽኝን ልብ ወለድ ጨረስኩት። "የሞተ ሰው ደግሞ ምን ፍቅር ያውቃል?" ብዬ ስስቅ፣ "መጀመሪያ አንብቢ፣ ከዚያ እናወራለን" ብለሽኝ ነበር። ይኸው እናውራ። ትናንት ሥራ ቦታ ሳነብ፣ ሟቹ ግድግዳውን አልፎ ገብቶ ልጅቷን የሚያቅፍበት ቦታ ላይ ስደርስ፣ ደንበኛዬን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ረስቻት ፀጉሯን ላቃጥለው ነበር። "ምን ሆነሽ ታለቅሻለሽ?" ስትለኝ፣ "የቀለሙ ሽታ ነው" አልኳት።

ሰውየው ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል። ግን እመጣለሁ ካለ ይመጣል። ሲከፋት ሳትነግረው ያውቃል።

እጮኛዬ ነኝ የሚለው ወንድምሽ ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ በሕይወት አለ። ስልክም አለው። ትናንት ማታም ተኳኩዬ ስጠብቀው አመሸሁ።
ተይው፣ ወንድምሽ ነው። አልናገርም።

የመጽሐፉን ሁለተኛ ክፍል ልገዛ ወጥቻለሁ። ወንድምሽ ከመጣ ሩዙን አካፍዪው፤ ምግብ አልነፍገውም። ሲወጣ ግን የቤታችንን ቁልፍ ተቀበዪው።

"ሌላ ሰው ያዘች እንዴ?" ካለሽ፣ አዎ በዪው።

ሰውየው መሞቱን ግን እንዳትነግሪው።