ከግራ አራተኛው

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ላፕቶፑ ሲያቃስት ዋለ። የታችኛው ፎቅ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። «ሲስተሙ፣ ሊኑክስሽ፣ ጤነኛ ነው፤ የከበደው ካፖርቱ፣ የስክሪኑ ገጽታ ነው። ቀለል ያለ ዴስክቶፕ አልብሺው» አለኝ። አለበስኩት። ፈጠነ። ግን እንደ አዲስ ምራት የቤቱን ዕቃ ሁሉ አዘዋወረው፤ ስክሪኑ ላይ የተደረደሩት ምልክቶች እንኳን ቦታ ተቀያየሩ። ጠዋት ጠዋት አባዬም መጽሐፉን ይጽፍበታል። ልንገረው? … ራሱ ያየዋል።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ተቆጥቷል። አርባ ዓመት የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር፤ ቁጣው ነጠላ ሰረዝ እንኳን አይጎድለውም።

«ማን ነካብኝ?»

«ፎልደርህ እኮ አለ አባዬ፤ ስሙን አንብበህ ክፈት።»

«የምን ስም! ከግራ አራተኛው ነበር።»

«የአባዬ ስራ» ተብሎ ተጽፎበታል። ታዲያ ምን አስቆጠረው? እልህ ይሆናል።

ዓርብ፣ ጥር 9

ሁለት ሰዓት ሙሉ ጻፈ። ጣቶቹ ቁልፎቹን በቃላቸው ያውቃሉ። «ምዕራፍ አምስት አለቀ» ብሎ ተነሳ። ሄጄ አየሁ። የተከፈተው ካልኩሌተር ነው። ከግራ አራተኛው።

አልሳቅኩም።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

የምተረጉመውን ሁሉ የሚያርምልኝ እሱ ነው። ድሮ በየገጹ አስር ስህተት ያወጣ ነበር፤ «ያስተማረሽ መምህር ደመወዙን ይመልስ!» እያለ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን አንድም የለ። «ጥሩ ነው» ብቻ። እኔ ሞኟ፣ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ …

ምሳ ላይ ጋዜጣ ሰጠሁት። «ይቺን አንብብልኝ።»

«መነጽሬን አልያዝኩም።»

መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 12

የዓይን ሐኪሟ፦ «ሞራ ነው፤ ሁለቱም ላይ። ግራውን እናስቀድም። ቆይተዋል አባባ … ከኋላው ያለው ዓይን ጤነኛ መሆኑን ሞራው ሳይነሳ ማወቅ አልችልም።»

መንገድ ላይ ለምን እንደደበቀኝ ጠየቅኩት።

«የማያይ አራሚ ምን ተብሎ ይጠራል?»

ቤት ስንገባ የድሮውን ዴስክቶፕ መለስኩለት። ያቃስት። ሌላ ምን አውቃለሁ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ቀዶ ሕክምናው ዛሬ። ሃያ ደቂቃ ነው ብለውኝ ነበር። ሰዓት አለፈ። ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አስራ አንድ ጊዜ አነበብኩት። ሁለት የፊደል ግድፈት አለበት። ለማን ልንገር? … ከሞራው ኋላ ምንም ባይኖርስ?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ፋሻው ተነሳ። ቤት እንደገባን «ክፈቺው» አለ። ከፈትኩ። ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ አየ።

«አንቺ!»

«አቤት አባዬ?»

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«የቱን?»

«ስራ! በእሳቱ ሰ! በንጉሡ እንደሚጻፍ መቼ ነው የምታውቂው?»

ክረምት ላይ የከፈትኩለት ፎልደር ነው። በየቀኑ ገብቶበታል።

አስተካከልኩት፦ የአባዬ ሥራ። የቀኙ ዓይን ተራው በሚቀጥለው ወር ነው። እስከዚያው ከክረምት ወዲህ «ጥሩ ነው» ያለውን ትርጉም ሁሉ እንደ አዲስ ሊያነበው ነው። እርሳስ ሲቀርጽ ይሰማኛል።

ጉዴ ፈላ።