አንደኛ ተከሳሽ

ውድ ወንድሜ ኒቆዲሞስ፣

ጠበቃህ ስለ ቤቱ ጉዳይ በቀጥታ እንዳላነጋግርህ አስጠንቅቆኛል። ይህን የምጽፍልህ ግን ስለ ቤቱ አይደለም። እማዬ ማረፏን ከአጎታችን ከጋሽ ግሩም ሰምተሃል። እንዴት እንዳረፈች የነገረህ ግን የለም፤ ለቅሶዋ ላይ ብትገኝ ትሰማው ነበር።

መጥሪያው የመጣ ዕለት የሰፈራችን የሳቢያን ሙቀት ትንፋሽ ያሳጥር ነበር። እማዬ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ አልጋ ላይ ነበረች። በሩን ከፍቼ ወለሉ ላይ ውኃ ረጭቼላት ተኝታ ሳለ፣ የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ደጃፉ ላይ ቆሞ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ። «ከሳሽ አቶ ኒቆዲሞስ ገብረ መድኅን፤ አንደኛ ተከሳሽ ወይዘሮ አስካለማርያም...» ሁለተኛዋ እኔ ነበርኩ። እማዬ ከዚያ ሁሉ የሰማችው ያንተን ስም ብቻ ነው።

«ኒቆ ነው የላከው?» አለችኝ፣ አንደበቷ እየተያያዘ።

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«አይረሳኝም ብያችሁ ነበር እኮ።»

ፈርሜ ተቀበልኩ። ምን ልበላት? ልጅሽ ከሶሻል ልበላት? ነፍሱን ይማረውና አባታችን ምድር ባቡር እየሠራ ባቆመው ቤት ላይ ድርሻ እንዳለህ ክጄህ አላውቅም። ቤቱ ተሸጦ እንካፈል ስትል እሷ ግን «ከዚህ ቤት የምወጣው ሬሳ ሆኜ ነው» አለችህ፤ አንተም በሩን ወርውረህ ዘግተህ ወደ አዳማ ሄድክ። ከዚያ ወዲህ አልረገጥከንም።

ፍርድ ቤቱ የመከላከያ መልሳችንን የምናቀርብበትን ቀን ቆርጦ ነበር። የእሷ መልስ ፊርማዋን ወይም ውክልናዋን ይፈልጋል፤ እጇ ደግሞ ብዕር አይዝም። ቀኑ ካለፈ መልስ የመስጠት መብቷ ይቀርና ነገሩ ያለ እሷ ይወሰናል። ስለዚህ ጊዜ ይራዘምልን ብዬ ላመለክት ሄድኩ። ከአጥራችን ጥግ ሱቅ ያላት ፋርቱን ሱቋን ዘግታ እማዬ ዘንድ ተቀመጠች። «አቦ ሂጂ አንቺ አባዮ፣ እህቴ አይደለሽ፣ ለእኔም እናቴ ናት» አለችኝ።

ማመልከቻዬ ሲነበብ ጠበቃህ ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ክርክሩን ለማጓተት የተፈጠረ ምክንያት ነው። ደንበኛዬ እናታቸው ጤነኛ እንደሆኑ ነግረውኛል።»

እውነት እንዲህ ብለኸዋል? ስታስባት የምትታይህ ያን በሩን የዘጋህ ዕለት በእግሯ ቆማ ይሆናል፤ በልብህ እንደዚያው ቆማ ቀርታ ይሆናል። እንደዚያ ብዬ ልረዳህ ሞክሬያለሁ። ሁልጊዜ ግን አይሳካልኝም።

ዳኛዋ ከማመልከቻዬ ጋር ያያያዝኩትን የሐኪም ማስረጃ አገላብጣ አየችና ምክንያቱ በቂ ነው አለች። ቀኑ ተራዘመልን፤ ለመጨረሻ ጊዜ ነው ተብሎ።

ቤት ስገባ እማዬ ነቅታ ትጠብቀኝ ነበር።

«ለኒቆ መልስ ጻፍሽለት?»

«ጊዜ ጠይቄ መጣሁ።»

«ለወንድምሽ መልስ ለመጻፍ ጊዜ ይጠየቃል እንዴ? በይ እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ።»

ወረቀት ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፋርቱን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሲጋራውን ይተው በይው» አለች እማዬ። «ሙቀቱ በረድ ሲል ይምጣ። አባቱ ያን የጓሮ ክፍል ለእሱ ብሎ ነው ያስጨመረው፤ ማንም አልገባበትም በይው።» ከዚያ ደከማት። «የቀረውን ነገ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

በነጋታው አንደበቷ ተዘጋ። የተራዘመልን ቀን ሳይደርስ፣ አንድ ማለዳ ፋርቱን ከንፈሯን በውኃ እያራሰችላት ሳለ አረፈች። እኔ እግሯን ይዤ ነበር።

በቀጠሮው ጥቁር ለብሼ ቀረብኩ። «አንደኛ ተከሳሽ» ተብሎ ተጠራ።

«ሞታለች» አልኩ።

ጠበቃህ ሊናገር ብድግ ብሎ መልሶ ተቀመጠ።

«ወራሾቻቸው እነማን ናቸው?» አለች ዳኛዋ።

«ሁለት ነን። እኔና ከሳሹ።»

ዳኛዋ መዝገቡ ላይ አቀርቅራ ትእዛዝ አስጻፈች፤ ወራሾቿ በእሷ ቦታ ተተክተን መልስ እንድንሰጥ፣ መጥሪያም ለሁለታችን እንዲደርሰን። ጊዜውንም ማንም ሳይጠይቃት አራዘመችው።

እንግዲህ መጥሪያው ይደርስሃል። ስምህን ሁለት ቦታ ታየዋለህ፤ አንዱ ከሳሽ፣ ሌላው የከሰስካት ሴት ወራሽ። እኔ በራሴ በኩል ከአባታችን በሚደርስህ ድርሻ አልከራከርህም፤ ይህንኑ ጽፌ አስገብቻለሁ። በእማዬ ስም የሚገባውን መልስ ግን ብቻዬን አልጽፍም። ያለችውን ነግሬሃለሁ፤ የቀረውን እኔም አላውቀውም።

ለቀጠሮው ድሬ መምጣትህ አይቀርም። ችሎት ከመግባትህ በፊት መቃብሯን እይ። እኔን ማየት ከከበደህ ፋርቱን ዘንድ ሂድ፤ ቀብሩ ላይ ስለነበረች ቦታውን ታውቀዋለች። እንድትወስድህ ለምኛታለሁ። «ይምጣ ብቻ፣ ወላሂ ምንም አልለውም» ብላኛለች።

እኔ እንደ እሷ ምንም አልልህም ብዬ ቃል ልገባልህ አልችልም።

እህትህ ዮርዲ
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ