ቅጠልያ ሱሪዎች

ኅዳር 9 ቀን፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለወንድሜ ለማሙሽ፤

የቀጭኔን እጅ ያስቆረጥከው አንተ ነህ።

ካውያውን የያዘ ጎረምሳ እንዳለ አውቃለሁ። በሩን የገነጠሉም አሉ። እነሱን ሕግ የሚባል ነገር ካለ ሕግ ያግኛቸው። እኔ አዝዬ ያሳደግኩት እነሱን አይደለም፣ አንተን ነው፤ ስለዚህ የምጽፈው ለአንተ ነው።

ለጤናዬ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደነበረው ነው። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል፣ ባልዲ አስቀምጬበታለሁ። አንተ፣ ሚስትህና ልጆቹ ደህና እንደሆናችሁ በስልኩ መስኮት አያለሁ፤ ወፍራችኋል።

ይህ የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው። አስጽፋ ነው ብለህ እንዳትጠረጥር። መስመሩ የሚንጋደደው ዓይኔ ስለደከመ ነው። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ በስልክ ግን አንተ ትናገራለህ፣ እኔ «እህ» እላለሁ። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም።

ቀጭኔ ማን እንደሆነች የረሳህ መሰለኝ፣ በስልክ በምታስተላልፈው ፕሮግራምህ ላይ «አንዲት ልብስ ሰፊ» ስትላት ሰምቼሃለሁና። በአንገቷ ርዝመት ሰፈሩ ቀጭኔ ያላት ናት። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የለበስከውን ኮት የሰፋችልህ፣ «እጅጌውን ትንሽ ላርዝመው፣ ይሄ ልጅ ገና ይመዘዛል» ያለችህ። ያኔ ከየትኛው ወገን እንደሆነች አልጠየቅካትም። ኮቱን ለበስክና ሄድክ።

እኔ እሷ ዘንድ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጫፍ እዘመዝማለሁ። ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። አንተ እንድትማር እኔ ቤት ስለቀረሁ ነገሩ ዘግይቶብኝ ነበር። የደንበኛውን ስም በጠመኔ ሱሪው ውስጥ ትጽፍና «ይሄ የማን ነው፣ ተማሪዬ?» ትለኛለች። ስሳሳት «ለሟች ልብስ ልትሰጪ ነው፣ ደግመሽ እይው» ትላለች። እንደዚያ እየሳቅን ነው ማንበብ የቻልኩት። እኔ በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት የሰው ስም ከሱሪ መቀመጫ ላይ ነው።

በመስከረም ትምህርት ቤቱ የተማሪውን ልብስ ቀየረ። ቅጠልያ ሱሪ፣ ቅጠልያ ቀሚስ። ሥራው በሙሉ ለቀጭኔ ደረሰ። እንደዚያ ያለ ሥራ አይተን አናውቅም። ጨርቁ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ እኛ መሃሉ ላይ እንደ ዶሮ ተቀምጠን እንሰፋለን። አንድ ቅዳሜ ስትደውልልኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለማን ልንገር? ለአንተ ነገርኩህ። «ሥራ በዝቶብናል፣ ጨርቁ በጭነት መኪና ነው የመጣልን» አልኩህ። አንተም ቀለሙን ጠየቅከኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው አንተ የጨርቅ ቀለም የምትጠይቀው ብዬ ሳቅሁብህ። «ቅጠልያ ነው» አልኩህ። የተማሪ ነው ብዬሃለሁ። ለትምህርት ቤቱ ነው ብዬሃለሁ። ስተኛ ነገሩን እየደጋገምኩ አስበዋለሁ፣ ብዬሃለሁ።

በማግስቱ እሑድ ቀጥታ ገባህ። ነጎድጓድ ነው አይደል የሚሉህ? ከኋላህ ባንዲራ፣ ከፊትህ መብራት። «እነዚያ በመሃላችን ተቀምጠው ለሠራዊታቸው የደንብ ልብስ እያሰፉ ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንዲት ልብስ ሰፊ በመኪና የመጣ ቅጠልያ ጨርቅ ቆልላ ሌት ተቀን ትሰፋለች፤ እኛ ግን ተኝተናል» አልክ። ቀጥለህም «ሼር አድርጉ» አልክ። አደረጉ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ መጡ። ቁጥራቸውን እንጃ፣ ሱቁም በሩም ሞላ። ግማሾቹን በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ አንዱ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ ነው። ሱሪ አነሳና ወገቡ ላይ ለካው። ሱሪው ከጉልበቱ በላይ ቀረ። «የነሱ ወታደር ድንክ ነው እንዴ?» አለ። ሳቁ። እኔ እንኳ ለቅጽበት ተስፋ አደረግሁ። አሁን ይገባቸዋል፣ አሁን አፍረው ይወጣሉ ብዬ። ሌላው ከኋላ «ያድጋላ፤ መያዝ ሳያድጉ ነው» አለ። በዚህም ሳቁ። የወፍጮ ቤቱ ልጅ የያዘው ሱሪ የገዛ እህቱ ልጅ ሱሪ ነበር። ስሙ ውስጡ በጠመኔ ተጽፏል፤ ልጁን የለካሁት እኔ ራሴ ነኝ። «አንብበው፣ የእህትህ ልጅ ነው» አልኩት። «ዝም በይ አንቺ አሮጊት» አለኝ። ከዚያ ማንነቴን አንዱ በጆሮው ሲነግረው «ይቅርታ እማማ፣ የነጎድጓድ እህት መሆንሽን አላወቅኩም፣ ወደዚህ ዞር በይ እንዳትጎጂ» ብሎ ክንዴን ይዞ በክብር አወጣኝ። ወንድም ማለት ለክፉ ቀን ነው የሚሉት ይህንን ይሆናል።

ቀጭኔ የስፌት መኪናውን መዘውር ይዛ አለቅም አለች። ያው ግትር ናት። ጎትተው ቢያቅታቸው ጊዜ አንዱ ከጠረጴዛው ላይ የጋለውን ካውያ አነሳ። «እጅጌዋ ተጨማዷል፤ ትተኮስ» አለ። ቀኝ እጇ ላይ አስቀመጠው። አላነሳውም። እንዴት እንደጮኸች አልጽፍልህም፤ ጽፌው አንተ በመብራትህ ፊት እንድታነበው አልፈልግም።

ጨርቁን አቃጠሉት። ልጆቹ እስከ ዛሬ በአሮጌ ልብሳቸው ነው የሚማሩት። እኔ ቀጭኔን በጓሮ በኩል አውጥቼ የኋላ ክፍሌ ውስጥ ደበቅኳት፣ ያንተ አልጋ ላይ። ክሊኒክ ልወስዳት አልቻልኩም። በሩ ላይ ጎረምሶች ቆመው የሚገባውን ሰው «ከየት ነሽ?» እያሉ ነበር። ዘበኛውም ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ አንተን ነው የሚሰማው። ስለዚህ ለአንተ ደወልኩ።

የተባባልነውን ታስታውሳለህ፣ ግን በጽሑፍ ይኑርልህ።

«እትዬ፣ እኔ ስም አልጠራሁም» አልከኝ።

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ስንት ልብስ ሰፊ አለ?»

«መረጃው የደረሰኝ ከታማኝ ምንጭ ነው።»

«ምንጩ እኔ ነኝ፣ ማሙሽ።»

ከዚያ «መስመሩ ይቆራረጥ ነበር፣ የተማሪ ማለትሽን አልሰማሁም» አልክ። እንግዲህ የአክስታችን ቦታ ሊሸጥ ነው ስልህ መስመሩ ተቆራርጦ አያውቅም። ተራራ ቢናድ ትሰማኛለህ።

እኔ ግን አልተጣላሁህም። ለመንኩህ። «የፊታችን እሑድ አንድ ቃል በል። የተማሪ ልብስ ነው፣ ተሳስቼ ነው በል። አንተ ካልክ በሩን ይለቃሉ፣ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ» አልኩህ።

«አሁን ብመለስበት ጠላት ይጠቀምበታል። ትግሉ ከአንድ ሰው ይበልጣል፣ እትዬ» አልክ።

«ከእኔም ይበልጣል?»

«እንዴት እንዲህ ትያለሽ? አንቺ እኮ እናቴ ነሽ።»

መልስ አልነበረም ይህ። ቢሆንም «እስቲ አስብበታለሁ» ስላልከኝ አመንኩህ። ለቀጭኔም «እሑድ ይናገርልሻል» አልኳት። እጇን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በጨው ውኃ እያጠብኩ፣ እሑድን ጠበቅን።

እሑድ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፌ አብረን ሰማንህ። ስለ ፍትሕ ተናገርክ። ባሕር ማዶ በቦምብ ስለሚያልቁ ሕፃናት ተናገርክና አለቀስክ። እውነተኛ እንባ ነበር፣ አውቅሃለሁ፣ ስታስመስል አፍንጫህን ነው የምታሸው። የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ነው አልክ። ቃሉ ጥሩ ቃል ነው፤ እኔም አምንበታለሁ፤ ካንተ አፍ መውጣቱ ነው እንጂ የከፋው። አሁን ይለዋል፣ አሁን ይለዋል እያልን ቆየን። በመጨረሻ «ፊደል ሳትቆጥር ለትግል ያበቃችኝን ጀግና እህቴን አመሰግናለሁ» ብለህ ዘጋህ።

ቀጭኔ በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆና ሳቀች። «ተማሪዬ፣ ታዲያ እኔ ማንን ሳስተምር ነው የከረምኩት?» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማክሰኞ እጇ ሸተተ። ረቡዕ የመጣው ይምጣ ብዬ ቀሚሴን አልብሼ፣ በሻርፕ ሸፋፍኜ ክሊኒክ ወሰድኳት። ጎረምሶቹ ተነሱብን። ዘበኛው ግን አየኝና «የነጎድጓድ እህት ናት፣ ዞር በሉ!» ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ወንበር አመጣልን። «ወንድምሽን ሰላም በይልን» አለኝ። ማሙሽ፣ ስምህ በር እንደሚከፍት ማን ነገረኝ? ቢነግሩኝ በመጀመሪያው ቀን እወስዳት ነበር። ሐኪሙም በመጀመሪያው ቀን ብትመጡ ኖሮ እጁ ይተርፍ ነበር አለ። ይህን ሲል እኔን እያየ ነው።

ከአንጓው ላይ ቆረጡት። ቀኙን ነው። መቀስ የምትይዝበትን፣ መዘውር የምታዞርበትን፣ በጠመኔ የምትጽፍበትን።

ሚስትህ ባለፈው ስታወራኝ፣ ቀን ቀን ልጆቻችሁን የምትጠብቅላችሁ ሴት ከ«እነዚያ» መሆኗን አጫውታኛለች። «በጣም ጥሩ ሰው ናት፣ ልጆቹ እሷ ካልመገበቻቸው አይበሉም» ብላኛለች። ደስ ብሎኛል። ለልጆችህ የምትሆን ሴት መምረጥ ታውቃለህ። ሁለት እጅ ያላትን መርጠሃል።

ቀጭኔ ባለፈው ሐሙስ ወደ ልጇ ሄደች። አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። ከረጢቷን በግራዋ ይዛ፣ የተቆረጠውን ሻርፑ ውስጥ ደብቃ ቆማ ሳለ፣ «ወንድምሽ ስለ ጨርቁ በምን አወቀ?» አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም። የአየሩን ሁኔታ እንደምትጠይቅ አድርጋ ነው።

«እንጃ። ሰፈሩ ወሬኛ ነው» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ «አዎ፣ ወሬኛ ነው» አለችና አውቶቡሱ ላይ ወጣች። መስኮት ዳር አልተቀመጠችም።

ይህን ያስዋሸኸኝም አንተ ነህ።

ትናንት ስትደውል «ምን አዲስ ነገር አለ፣ እትዬ?» አልከኝ፣ ምንም እንዳልሆነ። ከዚያ ስለ ትግሉ እናቶች ፕሮግራም ልሠራ ነው፣ ድምፅሽን ልቅዳ አልክ። ያኔ ነው ስልኩን የዘጋሁት፤ መስመሩ አይደለም የተቆራረጠው።

እንግዲህ ዕድሜ ይስጥህ። ረጅም ዕድሜ፣ ጆሮህም ዓይንህም ሳይደክም። ማታ ስትተኛ ማንም አይቀስቅስህ፤ እጅህም እስከ ሽምግልናህ ድረስ ኮትህን ይቆልፍልህ። ልጆችህ የሚሰፋላቸውን ልብስ ሁሉ ሳይቃጠልባቸው ይልበሱ።

አሁን የምነግርህን ልብ በል። በሰፈሩ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደተጣላ፣ ማን ቤት መብራት እንደገባ፣ ማን ሱቅ እንደከፈተ ከኔ አትሰማም። አክስታችን ብትሞት ከሌላ ሰው ስማ። እኔም ብታመም አልነግርህም፣ ብሞት እንዳይነግሩህ ተናግሬያለሁ። ደውል፣ አነሳለሁ፣ ድምፅህን እሰማለሁ፣ ወንድሜ ነህና። ምን አዲስ ነገር አለ ብትለኝ ግን ከእንግዲህ አንዲት ወሬ አልነግርህም።

የእናትህ ልጅ