ከጣሳህ ሥር የቀረችው አንድ ማንኪያ

ፈንቴ፣ የኔ ሆድ፣

እንዴት ከርመሃል ልል ብዬ እጄ ወረቀቱ ላይ ቆመ፤ ለሄደ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ያስተማረኝ የለም። ከተለያየን ዓመት ከሰባት ወር ሆነን። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ደግሞ ዝም ብለህ እንዳታምነኝ። ድምፄን ብትሰማው ኖሮ ወዲያው ታውቅብኝ ነበር፣ በጽሑፍ ስለሆነ ነው የደፈርኩት።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የውጭ በሩ ማጠፊያ አሁንም ይጮኻል፣ ዘይት የሚቀባው ሰው ጠፋ። ልጃችን ማስተዋል ጎንደር ነርስነት እየተማረች ነው፤ ትደውልልኛለች፣ ሳትበላ በልቻለሁ ትለኛለች፣ እኔም ሳልበላ በልቻለሁ እላታለሁ። የስፌት ማሽኔን ወደ መስኮቱ አዛውሬዋለሁ፣ ቢያንስ የሚያልፍ ሰው አያለሁ። ብርዱ ያው የምታውቀው የደባርቅ ብርድ ነው። አልጋው ላይ እስከ ዛሬ የምተኛው በግድግዳው በኩል ነው፣ ያንተን በኩል አልደፈርኩትም። ራትም ለሁለት ሰው እሠራና በማግስቱ የቀዘቀዘውን ብቻዬን እበላለሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን ምን መሰለህ? አለመኖርህን ቀድሜ ለምጄው ነበር። አንተ ለቱሪስት የምታበስል የተራራ ወጥቤት፤ ወቅቱ ሲገባ ተራራው ላይ ሳንቃበር ነው ጨነቅ ነው እያልክ በድንኳን አምስት ቀን፣ ሰባት ቀን፣ ሲበዛ አሥር ቀን ትቆያለህ። ስለዚህ ከቀብርህ በኋላ ልቤ አታለለኝ። ለቀስተኛው ሲበተን ውስጤ፣ ተራራ ነው ያለው፣ ይመጣል ይለኝ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት የተራራ ጫማህን ከበሩ ሥር አየሁት። ያን ጊዜ ነው የጮኽኩት። ጎረቤቱ ሌላ ሰው የሞተብኝ መስሎት ሮጦ መጣ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ታኮው ነው። አዎ፣ ስለ ታኮው፣ ምን ያስቅሃል!

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይልሃል? ካበሰልክላቸው እንግዶች አንዷ የአገሯን ምግብ ጨነቅ ላይ አስተማረችኝ ብለህ መጣህ፣ ጓዝህን እንኳ ሳታወርድ ወደ ጓዳ ገባህ። የስንዴና የቆላ በቆሎ ዱቄት ቀላቅለህ ስስ ስስ ቂጣ በመጥበሻ ጋገርክ። መፍጫ ስለሌለን የበሬውን ሥጋ በሁለት ቢላዋ እስኪልም ከተከትከው። በሽንኩርት ጠበስክና ከቀላቀልከው ቅመም ሁለት ማንኪያ ነስንሰህበት፣ ውሃ ጠብ አድርገህ እስኪመጥጥ ጠበቅህ። ከዚያ ቂጣዋን አጥፈህ ሥጋውን፣ ቲማቲሙን፣ ጥቅል ጎመኑን፣ በላዩ አይብ፣ ሎሚ ጨምቀህ ሰጠኸኝ። ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጉድ ነው፣ እንጀራ ጠፍቶ ነው ወይ ብዬ ሳቅሁብህ። ከዚያ ሦስት በላሁ። አራተኛዋን ከእጅህ ነጠቅሁህ።

ከዚያ ወዲህ የፋሲካችን ነገር ታኮ ሆነ። ጠዋት ዶሮው ይበላል፣ ከሰዓት ከቅርጫው በደረሰን ሥጋ ታኮ ትሠራለህ። አንተ ሳትቀምስ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ አፌን ታያለህ። እኔም ሁልጊዜ አንድ መልስ ብቻ ነበረኝ፦ ጨው አነሰው። ትስቅና የጨዉን ሰሃን ታቀብለኛለህ፣ ከዚያ በኋላ ነው ራስህ የምትጎርሰው። ስንት ዓመት ሙሉ ጨው አነሰው አልኩህ፣ አንድም ቀን አልጨመርክም። ግትር ነው ብዬ ተውኩህ።

ስትሄድ በሰማያዊዋ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ያህል ቅመም ቀርቶ ነበር። ምን ምን እንደምትቀላቅል ግን የትም አልጻፍክም። አንተ ሰውዬ! ወደ ተራራ የሚጫነውን ክብሪት ሳይቀር በደብተር የምትመዘግብ ሰው፣ ይቺን አንዲት ነገር ብትጽፋት ምን ነበረበት?

አንዷን ማንኪያ አንተ በሄድክ በመጀመሪያው ገና ለማስተዋል ሠራሁባት። አንዱን ታኮ እንደያዘች፣ አባዬ አባዬ ይሸታል አለችና ሁለታችንም ምግቡን ትተን አለቀስን። ከዚያ በኋላ ጣሳዋን ሳያት ፈራሁ። እሷ ስታልቅ ያንተም ሽታ ያልቃላ!

ስለዚህ ለአምናው ፋሲካ የራሴን ልቀላቅል ተነሳሁ። በባልትና መቼም አልታማም። ዛላውን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፣ ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን ወቀጥኩ፣ ኮረሪማ ጨመርኩ፣ ጨው ጨመርኩ፣ አመስኩ፣ አስፈጨሁ። እጄ የለመደውን ነበር የሠራው። በርበሬ ሆኖ ቁጭ አለ! ሥጋው ላይ ሲነሰነስማ የለየለት ወጥ። ማስተዋል አንዴ ጎረሰች። ይጣፍጣል እማ ብላ ዋሸችኝ፣ ሰሃኑን ከድና ወደ ጓሮ ወጣች። ሳትናገር ገባኝ። ልጃችን የአባቷን እጅ ጣዕም ልትረሳው ነው፣ የማስረሳትም እኔ ነኝ። ይሄ ነገር እረፍት ነሳኝ።

ሁለተኛዋን ማንኪያ ምን ምን እንዳለባት ስፈልግ በምላሴ እየነካሁ ጨረስኳት። ከሙኑን አገኘሁት። ድንብላሉን አገኘሁት። ቁንዶ በርበሬውንም ለየሁት። ገዝቼ ቀላቀልኩ፣ ቀመስኩ፣ ጨው ጨመርኩ፣ ቀመስኩ፣ በርበሬ ጨመርኩ፤ በቀመስኩ ቁጥር ካንተው እየራቀ ሄደ። ስንቱን ደፋሁት መሰለህ። አንዲት ማንኪያ ብቻ ቀረችኝ።

የዘንድሮው ሁዳዴ ሊገባደድ ሲል ድስትህንና ድንኳንህን በበቅሎ ይጭንልህ ወደ ነበረው ወደ ጋሽ ደሴ ሄድኩ። እንግዳ ካነሰ ወዲህ በቅሎዎቹን ለእህል ጭነት ነው የሚያሠራቸው። ስላንተ ቅመም ጠየቅሁት። እኔ የወጥ ነገር አላውቅም እታለም፣ ግን ከተራራ ስንመለስ መንገድ ዳር ጎንበስ ብሎ ጦስኝ ሳይቆርጥ አልፎ አያውቅም፣ በመሀረቡ ቋጥሮ ኪሱ ይከታት ነበር አለኝ። ጦስኝ! እኔ ሻይ ውስጥ ነው የማውቀው።

ሌላም ነገር ነገረኝ። በጾም ለፈረንጆቹ ሥጋ ስታበስል አንዲት ጠብታ ምላስህ ላይ ሳታሳርፍ፣ ክዳኑን ከፍተህ በማሽተት ብቻ ነበር ከእሳት የምታወጣው። ጨው አይሸትም ትል ነበር አሉ። ስለዚህ አትጨምርበትም፣ ለብቻው በሰሃን ታቀርባለህ፣ ሁሉም እንደ ምላሱ። ጦሙን ሙሉ ሳትቀምስ ስታበስል ከርመህ፣ ፋሲካ ሲደርስ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ አፌን የምታየው ለካ ለዚህ ነው። ሥራህ እንዴት እንደሆነ የምታውቀው ከኔ ነበር። እኔም ስጨቀጭቅህ ኖርኩ። እዚያው በቅሎው አጠገብ ሳቅሁም አለቀስኩም፣ ጋሽ ደሴ ግራ ገባው።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ቀላቀልኩት። ቅመሙን መቅመስ ጾም አያስገድፍም፣ እኔ ግን አፌን ዘጋሁ፣ አንተ ባደረግክበት መንገድ ላድርገው ብዬ። ፍሬው የወጣለት ዛላ፣ ከሙን፣ ድንብላል፣ የደረቀ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ ቆንጠር አድርጌ፣ መጨረሻ ላይ ጦስኙን በመዳፌ አሸሁት። ያንተን ጣሳ ከፍቼ አሸታለሁ፣ ወደ ኔው እመለሳለሁ፣ ከሙን ጨመር፣ እንደገና አሸታለሁ። ልክ ሲመጣ ወዲያው አወቅሁት። ድንገት በሩን ከፍተህ የገባህ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም።

የቀረችውን ማንኪያ ግን ምን ላድርጋት? ክደኚና አስቀምጫት አለኝ ልቤ። ቆይ እንጂ፣ ሽታዋ በጣሳ ውስጥ ብቻዋን ሞታ ማን ሊጠቀምባት አልኩ። ሊጥ ሲያልቅ እርሾ እናስቀር የለ፣ እንደሱ አድርጌ ያንተን በኔው ላይ ገለበጥኳት። ከዚያ አማሰልኩት። አሁን የትኛው ያንተ፣ የትኛው የኔ እንደሆነ እኔም ልለየው አልችልም።

በፋሲካ ማስተዋል መጣች። ታኮውን ሠርቼ ሰጠኋትና ያንተ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሳልጎርስ አፏን አየሁ። ፈንቴ፣ እንዲህ ያስጨንቅ ነበር እንዴ? ጎረሰች። አላመጠች። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ግን ማላመጧን አላቆመችም። ዋጠችና ፊቷን ወደ ሰሃኑ አቀርቅራ፣ ጨው አነሰው እማ አለችኝ።

ሳቅሁ፣ የጨዉን ሰሃን አቀበልኳት፣ ከዚያ ጎረስኩ።

ማክሰኞ መኪና ላይ አሳፈርኳት። ቤቱ እንደገና ጭር ብሏል፤ በሩ የሚጮኸው እኔ ስወጣና ስገባ ብቻ ነው። ብቸኝነቱ ቀነሰ ብዬ አልዋሽህም፣ ዛሬም ቂጣው ለሁለት ሰው ነው የተጋገረው። ጣሳህ ግን ሞልታለች፣ ከምድጃው በላይ አንተ ባስቀመጥክበት መደርደሪያ ላይ ናት። ስትጎድል አንድ ማንኪያ አስቀርቼ በላዩ እቀላቅላለሁ፣ እኔ ሲያቅተኝ ማስተዋል ትቀላቅላለች። አንተን የምረሳበት ቀን የለም፣ ፈንቴ። ጨውም አልጨምርበትም።

ያንተው የሺ