የጥጋቡ ጡሩምባ

ይድረስ ለጋሼ ጎበዜ፣ ደብረ ማርቆስ፤

እንደምን ከረሙ? ልጆቹስ፣ ከብቱስ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ።

በምን አለሽ ተራ ዕድራችን፣ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፍቶ ሰፈሩን የሚጠራው ወንድምዎ ጥጋቡ እንደሆነ ያውቃሉ። ዘንድሮ ያለ መንግሥት ማኅተም መሰብሰብ ክልክል ነው ተባለ። ጎረቤታችን እትዬ ሠርኬ ሲያርፉ ማኅተም ያዡ «ከነገ ወዲያ ተመለሱ» አለን። ሬሳ ማኅተም ሲጠብቅ ይሰነብታል? የምንገንዝ እኛ፣ የምንቀብር እኛ፤ እሱን ማን ጠራው? ጥጋቡ ወጥቶ ነፋው። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ አማኑኤል ወስደን ቀበርናቸው።

በማግስቱ ሁለት ሰዎች «ለአንድ ጥያቄ ነው» ብለው ይዘውት ሄዱ። ጥያቄው ረዝሞ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ጎረቤት አላሳፈረኝም፤ ስንቁን በየተራ ያበስላሉ፣ እኔ እስከ እስር ቤቱ በር አደርሳለሁ። ከማክሰኞ ወዲህ ግን ዘበኛው ሳህኑን እንዳለ ይመልስልኛል። ምነው ስለው «አያስፈልግም» ይለኛል። ስሙም ጥጋቡ አይደል፤ ጠግቦ ይሆናል።

ዛሬ የዕድሩ ዳኛ መጥተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ጡሩምባውን ጠየቁኝ። ለማን ሊያስነፉት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። አልሰጥም ብዬ አልጋ ሥር ከተትኩት።

ለእማማ «ሥራ በዝቶበት ነው» ይበሉልኝ። ጤናዎን ያብዛልኝ።

የወንድምዎ ሚስት፣ ቦሰና