የሞተር ሳይክል መካኒኩ አቶ በዛብህ ሀብተ ማርያም፣ ከ1924 እስከ 1981 ዓ.ም.

አቶ በዛብህ ሀብተ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ሀብተ ማርያም ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለማርያም ገብሬ በመጋቢት ወር 1924 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ በተባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ከምንጃር መጥተው በባቡር ሥራ ላይ የነበሩ ሲሆን፣ ልጃቸው ጸሐፊ እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበር። አቶ በዛብህ ግን ዳዊት ከደገሙና እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ መጋላ ሰፈር ውስጥ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ዘንድ ሥራ ጀመሩ። አባታቸውም ለረጅም ጊዜ አኩርፈዋቸው ነበር።

በዚያ ጋራዥ የሶማሌ ተወላጅ ከሆኑት የሥራ ባልደረባቸው ከአቶ ሂርሲ ሰማታር ጋር ተዋወቁ። ጣሊያናዊው ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በ1953 ዓ.ም. ሁለቱ ተባብረው ደቻቱ ወንዝ ዳር የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። አቶ ሂርሲ ሞተሩን፣ አቶ በዛብህ ጎማውን ያዙ። አቶ በዛብህ በ1957 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺአረግ ደምሴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

የአቶ በዛብህ ዋና ሙያ በአሮጌ ሞተር ሳይክሎች ጎማ መሐል ያለውን፣ ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገውን ኩሽኔታ ማደስ ነበር። መለዋወጫ ከውጭ መግባቱ እየቀነሰ ሲሄድ፣ ካለቀ ኩሽኔታ ውስጥ ደህና የሆኑትን የብረት እንክብሎች ለቅመው፣ በነጭ ጋዝ አጥበው፣ በመጠን በመጠናቸው በቆርቆሮ ያስቀምጡ ነበር። ሲያስፈልግም እኩያዎቹን መርጠው፣ አዲስ ግራሶ ቀብተው ይገጥማሉ። ከገጠሙ በኋላ ቸርኬውን ይዘው ግራና ቀኝ ይነቀንቁታል። ጥቂት እንኳ ከላላ፣ ባለቤቱ ቸኩያለሁ ቢልም፣ ፈትተው እንደገና ይጀምራሉ። በዚህ የተነሳ ከደንበኛ ጋር ብዙ ተጨቃጭቀዋል። ጠባያቸው ገር ነበር ብንል የሚያውቋቸው ይታዘቡናል።

በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ከተማችን ሲደርስ የቤት ለቤት ፍተሻ ተደረገ። ለጥበቃ ሲባል አቶ ሂርሲ ቤት የተቀመጡት የእንክብል ቆርቆሮዎች ተገኙ፤ ለቦምብ መሥሪያ ነው ተብሎም አቶ ሂርሲ ታሰሩ። አቶ በዛብህ ይህን እንደሰሙ አንድ ጎማ ተሸክመው ቀበሌ ሄዱና ሊቀመንበሩ ፊት ፈትተው እንክብሉ ምን እንደሚሠራ አሳዩ።

ሊቀመንበሩ ግን፣ “ጎማው ገባኝ። ሰውየውን በዚህ ጊዜ ማን ያምነዋል?” አሏቸው።

“እኔ አምነዋለሁ። ዕቃው የእኔ ነው፤ እሱ ቤት ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። መታሰር ያለበት ሰው ካለ እኔ ነኝ።”

እንዳሉትም ሆነ። አቶ ሂርሲ ተለቀቁ፤ እሳቸው ታሰሩ።

ወይዘሮ የሺአረግ በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበሩ። ስንቅ ይዘው በሄዱ ጊዜ፣ “እኛን ለማን ትተኸን ነው?” ብለው ጠየቋቸው።

“ለሂርሲ” አሉ አቶ በዛብህ።

አቶ ሂርሲ በበኩላቸው፣ ዘመዶቻቸው ወደ ጅቡቲ እንሂድ ብለው ቢወተውቷቸውም፣ “በዛብህ ሳይፈታ የትም አልሄድም” ብለው ቀሩ። ጋራዡን ብቻቸውን እየሠሩ የሁለቱንም ቤት አስተዳደሩ። በኅዳር ወር ወይዘሮ የሺአረግ ምጥ ሲይዛቸው አጠገባቸው የነበሩት የአቶ ሂርሲ ባለቤት ወይዘሮ ፋርሒያ ናቸው። አቶ በዛብህ በሚያዝያ 1970 ዓ.ም. ሲፈቱ፣ ሰናይት የተባለችውን ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አቀፏት። ወይዘሮ የሺአረግ የዚያን ጊዜውን ነገር ይቅር ለማለት ዓመታት እንደፈጀባቸው ራሳቸው ይናገራሉ።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ሳቢያን ሰፈር ተዛወረ፤ ሁለቱ ጓደኛሞችም ሥራቸውን አብረው ቀጠሉ። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የኩላሊት ሕመም ቢያደክማቸውም አቶ በዛብህ ጋራዥ መዋላቸውን አልተዉም፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው አቶ ሂርሲን ሲያርሙ ይውሉ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ግንቦት 4 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺአረግ ደምሴ፣ ልጆቻቸው ማዘንጊያ፣ ደረጀና ሰናይት፣ ወንድሞቻቸው አቶ ወልደጻድቅ ሀብተ ማርያምና አቶ ሂርሲ ሰማታር ከሐዘንተኞቹ መካከል ናቸው። የአቶ ሂርሲ ስም ከወንድሞች ተርታ እንዲጻፍ ያዘዙት ሟቹ ራሳቸው ናቸው።

ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ሁለቱንም ቤት ያጽናናልን።